ከኮረብታው የማይነሡት እህቶች

ባለፈው ጥቅምት 14 ቀን፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ በስደት ከተማችን በፌርፋክስ ጎዳና ከቅመማ ቅመም መደብር ስወጣ የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ ዳዊት መጣ። ደረቁ የበረሃ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም፤ እኔም እንደዚያው።

«እትዬ ሰብለ፣ ነገ እንወስናለን። የቤተ ክርስቲያኑን ፓርኪንግ ኤክስፓንድ ልናደርግ ነው፤ የመነኮሳይያቱን መቃብሮች ወደ ከተማው መካነ መቃብር ሙቭ እናደርጋቸዋለን። ቃል ተገባ የምትዪው ነገር ተጽፏል እንዴ?»

አልተጻፈም። ቃሉን የሰጡት ጋሼ ወርቁ ሞተዋል፤ አስተርጓሚዋ ግን እኔ ነበርሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የታሪክ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ከኮሪያታውን ወደ ሃውቶርን፣ ከሃውቶርን ወደ በርባንክ ክፍል ስቀያይር፣ ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አላውቅም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ቤት ስንፈልግ በአንድ ኮረብታ ላይ የሚሸጥ ገዳም ተገኘ፤ ታክሲ ነጂው ጋሼ ወርቁና ሁለት ሽማግሌዎች ይዘውኝ ወጡ።

ገዳሙ ሲታውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳይያት ንብረት ነበር። ከአውሮፓ መጥተው ብርቱካን ተከሉ፤ በዝምታ ሠሩ፣ ጸለዩ፤ አዲስ የሚገባ ሲጠፋ አንድ በአንድ አለቁ። የቀሩት አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን በቤተ ጸሎቱ በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ለካ ውስጡ የአሮጌ ወንበር ማከማቻ ሆኗል። መነኩሲቷ የተደረደሩትን ጫማዎች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ በስተጀርባ ወዳለው ደልዳላ ቦታ፣ ወደ እህቶቻቸው መቃብር መሩን።

ብርቱካን እያካፈሉን፣ እህቶቻቸው በገቡበት ገዳም ኖረው እዚያው ለመቀበር እንደተሳሉ ነገሩኝ። በአንድ ቤት ዓመት ለማልሞላው ለእኔ ስእለቱ እስራት መሰለኝ፤ ብርቱካኑን ሳልጨርስ መሄድ አማረኝ።

«እኔ ስሄድ ማን ይጠብቃቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አናነሣቸውም በያቸው» አሉ ጋሼ ወርቁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። «ወርቁ፣ አንተ ፓርኪንግ ስታጣ ይህን ትረሳለህ።»

«እኔ ብረሳ ይህች ልጅ አለች።»

ቀልዱን ትቼ ቃሉን ብቻ ተረጎምሁ፤ ገዳሙንም ገዝተን ቤተ ክርስቲያናችን አደረግነው።

ዳዊት ይህን ሁሉ ከመደብሩ ደጃፍ ቆሞ ሰማኝ። «ኦኬ፤ ሶ ነገ መጥተሽ ተናገሪያ» አለ። በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም። ሰው በአንድ ቦታ ለመጽናት መሳሉም እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም፤ ሆኖም ያልገባኝን ስእለት የማፍረስ ሥልጣን የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት በጉባኤው ፊት ቆሜ ተናገርሁ። ከረጅም ክርክር በኋላ መቃብሮቹ ባሉበት እንዲቆዩ፣ መኪኖች ከኮረብታው ግርጌ እንዲቆሙ፣ ሽቅብ መውጣት የማይችሉትንም እኔ በመኪና እንዳመላልስ ተወሰነ።