የከድጃ ድመትና አዲሱ ውሃ መጠጫ

ልጅ ሳለሁ፣ ወሎ ውስጥ፣ አጎቴ ይማም ማታ ማታ ተረት ያወራልን ነበር። እንደ ሌላው ሰው ልጅ ሰብስቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልነበረም። ጭሱ እንዳይበዛ የኩራዙን ክር ዝቅ ያደርግና፣ ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ለፍሙ የሚነግር ይመስል ቀስ እያለ ይጀምራል። ና አይለኝም። እኔ ያኔ ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ሰው ከጠራኝ እሸሻለሁ። እሱ ስለማይጠራኝ ግን ከበሩ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ምድጃው እየተጠጋሁ፣ ሳላስበው ጉልበቱ ሥር እገኛለሁ።

ካወራው ሁሉ ያልረሳሁት የሚዳቋዋን ነው። ምንጯ ደረቀባት። አውሬው ሁሉ ወደ ሌላ ወንዝ ወረደ። እሷ ግን እናቴ ያጠጣችኝ እዚህ ነው ብላ፣ በየጠዋቱ እየመጣች የደረቀውን ድንጋይ ትልሳለች።

«ሞተች እንዴ?» አልኩት።

አጎቴ ፍሙን በእንጨት ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «እሱን ነገ» አለኝ። በማግስቱ ግን የጅብ ተረት አመጣ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ይሄ ትዝ ያለኝ በስተርጅና፣ ባለቤቴ ከድጃ ከሞተች በኋላ፣ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በድመቷ የተነሳ ነው። ቡሬ ትባላለች። አዛን ሲል ከድጃ ለሶላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ቡሬ ተከትላ ትገባለች። ከድጃ አረንጓዴ የውሃ ጆጓን ዘንበል አድርጋ መጀመሪያ ድመቷን ታጠጣለች፤ ከዚያ በተረፈው ራሷ ትታጠባለች። የድመት ትራፊ በእኛ ዘንድ ንጹህ ነው፣ ነውር የለውም። «ቅደሚ እንጂ፣ እመቤት! የምትሰግጂ አንቺ ነሽ» እያለች ትቀልድባት ነበር።

ስትሞት ልብሷንም፣ መስገጃዋንም፣ ያንን አረንጓዴ ጆግም ሰደቃ ይሁንላት ብለን ለችግረኛ ሰጠን። ደንባችን ነው። ድመቷ በምን ትጠጣለች ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም።

አዛን ሲል ቡሬ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በሳህን ብናቀርብላት አሽትታ ሄደች። በሌላ ጆግ ሞከርኩ፤ እጄን አይታ ዞረች። እየከሳች፣ አፍንጫዋ እየደረቀ መጣ። ልጄ ሰሚራ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰደቻት። ሐኪሙ በመርፌ ፈሳሽ ሰጣትና፣ በራሷ ካልጠጣች አትቆይም አለ። ሰሚራ በዚያው ቦሌ ካለ ሱቅ በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያፈልቅ የድመት መጠጫ ገዝታ መጣች።

«አባዬ፣ ድመት የሚወደው የሚፈስ ውሃ ነው ይላሉ።»

«ለእሷስ ነግረዋታል?»

ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሶኬቱ ሲሰካ ዕቃው እዝዝ አለ፤ ቡሬም ሶፋ ሥር ገባች። ሰሚራ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ «ቡሪዬ፣ ነይ፣ ነይ በናትሽ» እያለች የቱና ዓሣ ታሳያታለች። ወይ ፍንክች። «እማዬ ብትኖር...» አለችና ዓሣውን ወለሉ ላይ ተወችው።

«ተያት፤ አትጥሪያት» አልኳት።

«ትሞትብናለች እኮ፣ አባዬ!»

«ሥራሽ ሂጂ። እኔ አለሁ።»

እንደወጣች ሶኬቱን ነቀልኩ። ዕቃውን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አስቀምጬ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ወደ ድመቷ አላየሁም። የሚዳቋዋን ተረት ለውሃው ማውራት ጀመርኩ። ወሬ የማላበዛው ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ ከውሃ ጋር ሳወራ ጎረቤት ቢያየኝ፣ ለየለት ይል ነበር። ቡሬ ከሶፋው ሥር ወጣች። ትንሽ ቆይታ ወንበሩ ጋ ደረሰች። ከዚያ ጠጉሯ ጉልበቴን ነካኝ።

ድንጋዩን የምትልስበት ጋ ስደርስ ተረቱ አለቀብኝ። ቀጥሎ ያለውን አላውቀውም። ያኔ የዙህር፣ የቀትሩ አዛን ተሰማ። ቡሬ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። እኔም አየሁ። ማንም አልመጣም። በመዳፌ ከመጠጫው ጨለፍ አድርጌ ዘንበል አደረግኩላት። ሻካራ ምላሷ መዳፌን ሲነካኝ እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ በየሶላቱ እንዲሁ አደረግን። እጄን ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ዝቅ እያደረግኩ፣ መጨረሻ ላይ ጣቴን ብቻ ነክሬ አስለመድኳት። ዕቃውን ተኝታ ሳለች ደጋግሜ ስሰካው ድምፁንም ለመደችው። አንድ ቀን ከሰዓት ቡሬ ብቻዋን ሄዳ፣ ከሚፈልቀው ላይ ላስ ላስ አድርጋ ጠጣች። ሰሚራ በስልኳ እየቀረጸች፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ መምህር ነህ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

አሁን ቡሬ ወፍራለች። ሲጠማት ሄዳ ትጠጣለች፤ ሰዓት አትጠብቅም። አዛን ሲል ጆሮዋን እንኳ አታነሳም፣ ሶፋው ላይ እንደተኛች ትቀራለች። ልጄ ደስ ይላታል። እኔም አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ነፍስ ተርፋለች። ግን በዚህ ቤት ከድጃን ከእኔ ጋር የምትጠብቅ አንዲት ነፍስ ነበረች። እሷንም በገዛ እጄ መጠበቁን አስተውኳት። አሁን በአዛን ሰዓት ወደዚያ በር የማየው እኔ ብቻ ነኝ።