የጋሽ ካፊያ ሳንቲሞች

ጃንጥላ ጠጋኙን ሰው ሁሉ ጋሽ ካፊያ ይለዋል። በሥራው ምክንያት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ሳንቲም ማውራት ከጀመረ ስለማያባራ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ አሮጌ ሳንቲም ሲለቅም ኖሯል። ከተቀደደ ጃንጥላ ጥቁር ጨርቅ ቆርጦ፣ ለእያንዳንዷ ሳንቲም ኪስ ሰፍቶ፣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖራቸዋል። ጥቅልሉን ሲያወጣ ልጆቹ ሥራ አለን ብለው ይበተናሉ። ሚስቱም፣ "አንተ ሰውዬ፣ ከተጋባን ጀምሮ ስለ እኔ ይህን ያህል አውርተህ ታውቃለህ?" ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አያውቅም።

አንድ ቀን ቤቱ ሰው ባልነበረበት ሰዓት ሌባ በወጥ ቤቱ መስኮት ገባ። ቴሌቪዥኑን ንቆ ጥቅልሉን ብቻ ወሰደ። ኮቴው ለጎረቤት እንዳይሰማ ጫማውን መስኮቱ ሥር አውልቆ ኖሮ፣ እዚያው ረስቶት ሄደ። ሚስትየው ጫማውን ለፖሊስ አስረከበች። ጋሽ ካፊያ ግን እህል አልወርድለት አለ። ከሳንቲሞቹ አንዷ ማኅተሟ በስህተት ሁለት ጊዜ የተመታ ስለሆነ የቤት ዋጋ ታወጣለች ብለውት ነበር፤ እሱ ግን ሊሸጣት አስቦም አያውቅም። "ዕድሜዬን ነው የሰረቀኝ" አለና ሱቁ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወሬውን ሲሸሹ የኖሩት ጎረቤቶቹ በዝምታው ተጨነቁ።

በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ሱቁ ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ወርቅ ቤቶቹ ናቸው የላኩኝ። ዕቃውን እንኳ ሳያዩ፣ አሮጌ ሳንቲም የሚያውቅልህ ጃንጥላ ጠጋኙ ነው አሉኝ። የአያቴ ውርስ ነው፤ ስንት ያወጣል?" ብሎ ጥቅልሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች። ከሌባው ራስ በላይ ያንኑ ጥቁር ጨርቅ የለበሱ ጃንጥላዎች ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ቀና ብሎ አላየም።

ጋሽ ካፊያ ጥቅልሉን ወዲያው ዐወቀው። አንቆ ሊይዘው ፈለገ። ጎረቤቱን ጫማ ሠሪ መጥራት ብቻ ነበር የቀረው። ዐይኑ ሳንቲሞቹ ላይ ሲያርፍ ግን አፉ አልታዘዝ አለው።

"ይህችን ታያለህ? አንድ ዓመት ብቻ ነው የተሠራችው። ንጉሡ መልኬን አበላሻችሁ ብሎ እንድትቀልጥ አዘዘ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለ ሌባው፣ ወንበሩን እያስጠጋ።

ከዚያስ! በዕድሜው ሙሉ ማንም ብሎት አያውቅም። ንዴቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ሁለተኛዋን አወጣ፣ ሦስተኛዋን አስከተለ። ሌባውም ዋጋ መጠየቁን ረሳ።

"የዚችስ ጠርዟ ለምን ተበላ?"

"ድሮ ብሩን እየፋቁ የሚሰርቁ ነበሩ፣ ልጄ።"

"አይ፣ ሰው ክፉ ነው!" አለ ሌባው፣ ከልቡ አዝኖ።

በዚህ መሐል ሚስትየው ምሳ ይዛ ደረሰች። ጠረጴዛውን አየችና፣ "ይሄ የኛው ጥቅልል አይደል እንዴ? ሌባ! ሌባ!" ብላ ጮኸች።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ነው እንዴ?" አለ ሌባው ደንግጦ። ሁሉንም ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ኪሶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች፤ የጎደለ የለም። ደስ ብሏት ቀና ስትል ባሏ ፊቱን አጥቁሯል።

"ምን አጣደፈሽ? ገና ግማሹ ላይ ነበርን እኮ!"

"ከሌባ ጋር?"

"ሲሰማኝ ነበር" አለ። "የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ ነበር።"

ምሳውን አስቀመጠች። የምትቆጣው መስሎት አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ሌባው የተነሣበትን ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ ከኪሶቹም አንዷን ሳንቲም አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

"ይቺስ?" አለችው።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው።