ጥጡን ያጥባል የተባለው ወተት

ፍራሽ ሰፊዋ ስትናደድ መጮኽ አይሆንላትም። እጇ ነው የሚፈጥነው። ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቅባታል፤ ስንዝር የሚያልፈው መርፌዋ ወፍራሙን ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ሲሮጥ የሰማ፣ «ዛሬስ አማቷ ነካክተዋታል» ብሎ ይስቃል። ከወራት ወዲህ ግን መርፌው ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ከመኝታ ክፍሉ ጎን ያለችው ጠባብ የሥራ ቤቷ ተቆልፋለች፤ ቁጣዋም መውጫ አጥቶ ደረቷ ውስጥ ተቀምጧል።

ነገሩ የጀመረው በልጇ ሳል ነው። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩን ያየ ሁሉ ድንቡሼ ይለዋል። ገና ጎኑ አልጋ ሲነካ ሳሉ ይነሳበታል፣ ደረቱም ክዳኑ እንዳልገጠመ ማንቆርቆሪያ ሲር ሲር ይላል። ክሊኒክ ወሰዱት፤ አስም ነው ተባለ። ወደ ውስጥ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጠው፣ አቧራ አይጠጋው የሚል ምክርም ተጨመረ። አማቷ አቧራ የምትለዋን ቃል ይዘው ቤት ገቡና ዓይናቸውን ፍራሽ በምትሞላበት ጥጥ ላይ ተከሉ።

«ልጁን ጥጥ አጎረስሽው! ከፀጉርሽ ላይ እየረገፈ እኮ ነው!»

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከመንገድ ላይ ደውሎ፣ «እናቴ ስንት ልጅ አሳድጋለች፣ አንቺ ገና ለማጅ ነሽ» አላት። ቆሽቷ አረረ። ቢሆንም ልጁ ልጇ ነው፤ የሥራ ቤቷን ቆለፈች።

ለአማቷ ግን ይህ አልበቃቸውም። «የገባውስ ጥጥ በምን ይውጣ?» ብለው ራሳቸው ጠየቁ፣ ራሳቸው መለሱ፤ በወተት! በየምሽቱ ልጁ በጀርባው ከተንጋለለ በኋላ ለብ ያለ ወተት በጡጦ ሞልተው ያስይዙታል። «ጠጣ የኔ ጌታ፣ ጥጡን ጠርጎ ይውረድልህ» እያሉ እስኪያልቅ ፀጉሩን ይደባብሱታል። ክፋት አልነበረበትም። ፍራሽ ሰፊዋም አንዳንድ ቀን ወተቱን ራሷ ታሞቀዋለች። ጠዋት የትራሱ ልብስ የኮመጠጠ ሽታ ይሸታታል፤ አጥባ ታሰጣዋለች እንጂ ለማንም አልተነፈሰችም። ሳሉ ባሰ። ሳሉ በባሰ ቁጥር ጡጦው ይበልጥ ይሞላል።

በመጨረሻ አማቷ የፍራሹን ልብስ ለምትሰፋበት የስፌት መኪና ገዢ አገኙ። «ቤት ውስጥ እስካለ ልብሽ አይቆርጥም» አሏት። ገዢው ከሰዓት ይመጣል በተባለበት ቀን ጠዋት፣ ፍራሽ ሰፊዋ ልጇን አዝላ ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

ያገኘቻት ሐኪም ወጣት ናት። ደረቱን አዳመጠችና ወዲያው አልጻፈችም፤ ወንበሯን ሳበች።

«ሳሉ መቼ ነው የሚብሰው?»

«ሲተኛ።»

«ከመተኛቱ በፊት ምን ይበላል?»

ፍራሽ ሰፊዋ አፏን ሳትከፍት ድንቡሼ ቀደማት። «ወተት! ከዛ ወተቱ ተመልሶ ይመጣል፤ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አለና ጉሮሮውን በጣቱ ነካ።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳች። ትንንሽ ልጆች ላይ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ የአየር ቧንቧውን ሊያስቆጣ፣ አስሙንም ሊያባብስ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሳሉ ራሱ ጨጓራውን እየገፋ አሲዱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። «የቱ የቱን እንደሚያመጣ ሁሌ አይታወቅም። ምናልባት ነው የምልሽ። መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ፣ አቧራም ይራቀው። እራቱን ግን በጊዜ ይብላ፤ ተኝቶ ወተት የሚባል ነገር ይቅር። ከዚያ መልሰሽ አምጪልኝና እናያለን።»

መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። አህያውን ፈርተው ዳውላዬን ሲደበድቡ ከረሙ ትላለች በልቧ። በአማቷ ተቆጣች፣ በባሏ ተቆጣች፣ ይህን ጥያቄ ባልጠየቃት በፊተኛው ሐኪም ተቆጣች። ትራሱን አጥባ ዝም ባለች በራሷ ግን ከሁሉም በላይ ተቆጣች።

ቤት ስትደርስ የሥራ ቤቷ ተከፍቷል። አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን አቅፎ ከበሩ ሊወጣ ነው።

«አስቀምጠው!»

ከጀርባዋ ያለው ልጅ ደነገጠ። እናቱ ስትጮኽ ሰምቶ አያውቅም።

«እቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ተሸጧል ተብዬ ነው» አለ ሰውየው።

«የሸጡልህ ሴትዮ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችሉም! አስቀምጠው ብያለሁ!»

አማቷ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ከጓዳ ወጡ። «ምነው፣ ሐኪሟ ጥጥ መድኃኒት ነው አለችሽ?»

«አላለችም። አቧራም አይበጀውም። ግን ተኝቶ የሚጠጣው ወተት ወደ ላይ እየተመለሰ ሊያፍነው ይችላል ብላለች።»

«እህ! ልጁን ያፈንኩት እኔ ነኝ በይኛ!»

«አዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ስንት ቀን ተርባው ነበር! ነገር ግን ሐኪሟ ምናልባት ነው ያለችው፤ ወተቱንም እሷው አሙቃለች። እንዲህ ተናዳም መዋሸት አለመቻሏ ይበልጥ አናደዳት።

«ይሆናል ነው የተባለው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «እኔም አሙቄለታለሁ፤ እኔም አለሁበት። ከዛሬ ወዲያ ግን ተኝቶ አይጠጣም። ይሄም መኪና ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ልብስ ሰፊው መኪናውን አስቀምጦ ውልቅ አለ።

የሥራ ቦታዋን ወደ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አዛወረች። ልጇን ከማቀፏ በፊት ልብሷን ትቀይራለች፣ ፀጉሯን ታራግፋለች። ድንቡሼ እራቱን የሚበላው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የሚያበሉት አማቷ ናቸው፤ እያጉረመረሙም ቢሆን ቶሎ እንዳይጋደም ተረት እያወሩ ቁጭ ያደርጉታል። ሳሉ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሲሮጥ ደረቱ ዛሬም ያፏጫል፣ መድኃኒቱም ከእናቱ ኪስ አይለይም። አማቷ ተሳሳትኩ አላሉም። እሷም ይቅር አላለቻቸውም።

አንድ ጠዋት አማቷ የራሳቸውን ፍራሽ ጠቅልለው እየጎተቱ ጓሮ መጡ። ዓይናቸውን ቆርቆሮው ላይ ጥለው፣ «ይሄ ጎረበጠኝ» አሉ።

ፍራሽ ሰፊዋ በእጇ ጫን ብላ አየችው። የራሷ ስፌት ነው፤ ጥጡ ገና አልተኛም፣ አንድም ቦታ አልጎረበጠም። ለምን እንደመጡ ገባት። የገባት ቢሆንም ቁጣዋ አልበረደም፤ መርፌዋ ጠቅ ጠቅ እያለ ፈጠነ።

«ተራዎን ይጠብቁ፣ እማማ» አለች ቀና ሳትል።

አማቷ ጥቅልሉ ላይ ተቀመጡና ጠበቁ።