የቢጫው ክፍል አራሶች

ሲስተር ፋናዬ ስትሰጋ የኖረች ሴት ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ትናገረዋለች። አሰላ ካለው ቤቷ ስትወጣ በሩን ቆልፋ፣ ጥቂት ሄዳ፣ ተመልሳ ትገፋዋለች። ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ይልቅ መንገዱን የምትጠብቀው እሷ ናት። እናቷ "አንቺ ልጅ፣ የሚያሳስብሽ ብታጪ፣ ለምን አጣሁ ብለሽ ታስቢያለሽ" ይሏት ነበር። ለአዋላጅ ነርስ ግን ስጋት ክፋት የለውም። በእሷ ስጋት የተረፉ እናቶች ብዙ ናቸው።

ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደተሠራው አዲስ ጤና ጣቢያ ስትዛወር ትንሽ የምታርፍ መስሏት ነበር። ሕንፃው ያምራል። ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያዎች በየመስኮቱ ፊት፣ ከውጭ በኩል፣ ሰፋፊ የብረት ላሜራዎች አጋድመው ደርድረውበታል፤ ፀሐይና ዝናብ ይከላከላሉ፣ ነፋስ ያሳልፋሉ። ግንበኞቹ ሉቨር ይሏቸዋል። በመንገዱ በኩል ቀይ፣ በጓሮ አረንጓዴ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዓይን የሚያስጨፍን ቢጫ ናቸው። የአካባቢው ገበሬ መጀመሪያ የሕፃናት መዋያ መስሎት ነበር። የሚኒባስ ረዳቶችም የቦታውን ስም ትተው "ባለቀለሙ ጋ ወራጅ አለ?" ማለት ጀመሩ። የካርድ ክፍል ሠራተኞች ከቀዩ ላሜራ የተነሳ ቀኑን ሙሉ የተቆጡ ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን እውነትም የተቆጡ ናቸው። ለወላዶች ክፍል የደረሰው ቢጫው ነው።

እዚያ ክፍል የተወለደ ልጅ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ፋናዬ እንቅልፍ አጣች። አገሬው የወፍ በሽታ የሚለው ይህ ቢጫነት ቶሎ ካልታከመ የሕፃን አእምሮ እንደሚጎዳ፣ ሊገድልም እንደሚችል ታውቃለች። አንዷን አራስ ከነልጇ ወደ አሰላ ሆስፒታል ላከች። ሌላዋንም ላከች። ሁለቱም "ልጆቹ ምንም የላቸውም፤ አራስ ለምን ታንገላታላችሁ?" ከሚል ተግሣጽ ጋር ተመለሱ። ተግሣጹን በስልክ የሰማው የጤና ጣቢያው ኃላፊ በእውቀቱ ወደ ክፍሉ መጣና እጁን መስኮቱ ፊት ዘረጋ።

"እዪው እስቲ ሲስተር፤ እኔም ታምሜያለሁ። እኔንም ላኪኝ" አላት።

ፀሐይ ከላሜራዎቹ ላይ እየነጠረች ግድግዳውን፣ አንሶላውን፣ የሰውየውን እጅ ሁሉ ቢጫ ቀብታዋለች። እናቶቹ ሳቁ። ፋናዬም ሳቀች፤ በልቧ ግን አፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናት በጠየቀቻት ቁጥር "አይዞሽ፣ ቀለሙ ነው" ማለት ለመደች። ልጁን ደጅ አውጥቶ ማየት ቀላል ይመስላል። ግን የአራስ ልጅ ፀሐይ ከነካው ምች ይመታዋል ተብሎ ስለሚፈራ የሚፈቅድላት አያት አልተገኘም። የስልኳን መብራት ብታበራም ቢጫው ይውጠዋል፤ ሌላ ክፍል ብትወስደውም ወይ ቀይ ነው ወይ አረንጓዴ።

ኦብሴ የወለደችው በሐምሌ፣ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ነው። የሳጉሬ ልጅ ናት፤ ልጁ የመጀመሪያዋ ነው። ከጎኗ ያልተለዩት አማቷ አዴ ቀመሪያ ናቸው። ልጁ እንቅልፍ አብዝቷል፤ ጡት ሲሰጡትም ሁለቴ ስቦ ይተዋል። ፋናዬ ሁኔታውን አልወደደችውም።

"አዴ ቀመሪያ፣ እስቲ ደጅ አውጥቼ በብርሃን ልየው።"

"ሂን ታኡ፤ አይሆንም ልጄ። በዚህ ፀሐይ ምች ልታስመቺብኝ ነው?"

"አንድ አፍታ ነው እኮ። እርስዎም አብረውኝ ይውጡ።"

"እንቢ ካልኩ እንቢ ነው።"

መከራከር ትችል ነበር። ግን መስኮቱ ፊት የተዘረጋው የበእውቀቱ እጅና የእናቶቹ ሳቅ ትዝ አሏት። ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

በማግስቱ ጠዋት የጭላሎ ጉም እስከ መንገዱ ወርዶ ነበር። ኦብሴ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ፋናዬ ልጁን አየችው፤ ቢጫ ነው። "ቀለሙ ነው" አለች፤ አፏ ለምዶታል። አዴ ቀመሪያ ልጁን በፎጣ ላይ ፎጣ ጠቅልለው፣ መርቀዋት ወጡ።

እሷም አልጋውን ልታነጥፍ አንሶላውን ገፈፈች። አንሶላው ነጭ ነበር። እጇን አየች፤ የራሷ እጅ ነው፣ የራሷ ቀለም። ቀና ስትል ላሜራዎቹ ጉም ውስጥ ደብዝዘው ተጋድመዋል። ዛሬ ፀሐይ የለም። ክፍሉ ዛሬ ማንንም አልቀባም።

ሮጠች። በሩን እንኳ አልዘጋችም። መንገዱ ዳር ስትደርስ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ "ሳጉሬ፣ ሳጉሬ" ይላል። ፊት ለፊቱ ቆመችበት። ሹፌሩ ያበደች መስሎት መስኮቱን ዘጋ። እሷ ግን በሩን ከፍታ፣ በሰው ጉልበት ላይ ተንጠራርታ፣ አዴ ቀመሪያ ጋ ደረሰች።

"ይግለጡልኝ።"

"ልጄ፣ ብርዱ፣ ምቹ..."

"ምቹ በእኔ ይምጣ፤ ይግለጡልኝ።"

አሮጊቷ ፊቷን አይተው ገለጡላት። ግንባሩን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ የተጫነው ቦታ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የዓይኑን ቆብ ገለጥ አደረገች፤ ነጩም ቢጫ ነው። ኦብሴ አንዴ ልጇን አንዴ ነርሷን እያየች አንገቷ ላይ ያለውን ሻሽ ጨመደደች። ማንም ሳይጠይቀው ሹፌሩ መሪውን አዞረ። ሳጉሬ ብለው የተሳፈሩት ሁሉ፣ አንዱ ገበያ ሌላው ለቅሶ ያለበት፣ ተያይዘው አሰላ ገቡ።

ልጁ ተረፈ። ሆስፒታሉ ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኝቶ አከመው፤ ሐኪሙም ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እንደማይመለስ ነገራቸው። አዴ ቀመሪያ "በቢጫ ጠፍቶብን በሰማያዊ ተገኘ" ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ አሁን ሌሎች አያቶችን "አውጡት፣ ምች የለም" እያሉ የሚሟገቱላት እሳቸው ናቸው። በእውቀቱ ላሜራዎቹን ከበላይ ሳይፈቀድለት እንደማይነቅል ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ግን መስኮቱ ፊት እጁን ዘርግቶ አልቀለደም።

ፋናዬ ግን አላረፈችም። የኦብሴን ልጅ ጉም አዳነላት። ከእሱ በፊት፣ ፀሐይ በወጣችባቸው ቀናት፣ "ቀለሙ ነው" ብላ የሸኘቻቸውስ? ብዙዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ደህና ስለሆኑ ይሆናል።

በገበያ ቀን ሳጉሬ ትወርዳለች። የምትገዛው ነገር የላትም። በእህልና በሽንኩርት ነጋዴዎች መካከል እየዞረች በየእናቱ ጀርባ የታዘሉትን ልጆች ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፤ ቀና ብለው ያያሉ ወይ፣ አንገታቸው ጸንቷል ወይ፣ ሲጠሯቸው ይዞራሉ ወይ። እናቶቹ የማያውቋት ሴት ልጃቸው ላይ ስታፈጥ ሲያዩ ደስ አይላቸውም። ዓይኗን ፈርተው ፎጣቸውን ሳብ ያደርጉና የልጁን ፊት ይሸፍኑባታል።