የጉዌፈን እግር

ጉዌፈን በሊያን ትቀና ነበር። ሊያን ኑድል ስትበላ እንኳ ጉርሻዋን የምትቆጥርባት ይመስለኝ ነበር። ሦስታችንም ሁናን ክፍለ ሀገር ውስጥ ባለች የወንዝ ዳር ከተማ ቀጭን መርፌ ሰክቶ ማከምን ከመምህር ፉ ተምረናል። ጉዌፈን ታላቃችን ነበረች፤ ለመምህሩ ሻይ ስታፈላ፣ መርፌያቸውን ስታጸዳ ጸጉሯ ሸበተ። ሊያን ግን ገና ትናንት የመጣች ናት። መምህሩ ሲሞቱ የመርፌ ሳጥናቸውን የተዉት ለሊያን ሆነ። ጉዌፈን በለቅሶው አንጀቷ ያረረው በሞታቸው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በሳጥኑ ነው ባይ ነኝ።

መምህር ከሞተ በኋላ ብቻውን ማከም የሚችለው የከተማው የመርፌ ሐኪሞች ማኅበር ፈትኖ የተቀበለው ብቻ ነው። የመምህሩን ቤት ከፍቶ የሚሠራበትም እሱ ነው። ጉዌፈን ያንን ቤት ከልቧ ትመኘው ነበር፤ ሊያን እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ማየት ደግሞ ሞቷ ነበር።

ማኅበሩ ተፈታኞችን እርስ በርስ መርፌ ያሰካካል። የተሰካበት ሰው ሥጋው ውስጥ ከበድ፣ ደንዘዝ የሚል ነገር ከተሰማው «ቺ መጣ» ይላል፣ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ኃይል ደረሰ ማለቱ ነው፤ ካልመጣ ሰኪው ወደቀ ማለት ነው። ዕጣው ጉዌፈንን ከሊያን ጋር አጣመራቸው።

መጀመሪያ ጉዌፈን አልጋው ላይ ወጣች። ሊያን ከጉዌፈን ጉልበት ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ በአውራ ጣቷ ፈለገችና ሰካች፤ መርፌውን ቀስ አድርጋ አዞረችው። የጉዌፈን ፊት ሲጨማደድ አየሁ። የሊያን እጅ ቁርጥ የመምህሩን እጅ ነበር።

«መጣ?» አሉ ፈታኟ፣ አሮጊቷ ሐኪም ዦንግ።

«ምንም። ትንኝ የነካኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም» አለች ጉዌፈን።

ሐኪም ዦንግ አልተከራከሩም። መርፌውን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጉት። ቆዳው አብሮ ተነሳ እንጂ መርፌው አልወጣም። ቺ ሲመጣ ሥጋ መርፌውን ነክሶ ይይዛል። ይህን ለሊያን ያስተማረቻት ደግሞ ራሷ ጉዌፈን ነበረች። ቅናት እንዲህ ያስረሳል።

«የገዛ እግርሽን ካልሰማሽ የበሽተኛውን እንዴት ልትሰሚ ነው?» አሏት።

ቀጥሎ ሊያን ተኛች። ጉዌፈን ቦታውን በጣቷ ሳትፈልግ ቸኩላ ሰካች። ሊያን ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «መጣ፣ እስከ እግር ጣቴ ወርዶ ከበደኝ» አለች። ሐኪም ዦንግ ሳቡት፤ መርፌው እንደ አይብ ከለሰለሰ ቶፉ ውስጥ እንደሚወጣ ሸርተት ብሎ ወጣ። አሮጊቷ ሳቃቸው መጣ።

«የፉ ቤት ልጆች ሁላችሁም ውሸታሞች ናችሁ» አሉ።

ሊያን አለፈች፤ ጉዌፈን ለሚመጣው ዓመት ተመለሽ ተባለች። የእኔን ተዉት፣ በሆነ መንገድ አልፌአለሁ።

ከዚያ ኑድል ቤት ገባን። ሊያን አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ ጉዌፈን፣ ቤቱን አብረን እንክፈተው። ሳጥኑም የሁለታችን ይሁን» አለቻት።

ጉዌፈን ሳህኑን ገፋችው። «በእጅሽ ብትበልጪኝ እሺ፣ እችለዋለሁ። ለእኔ ብለሽ መዋሸትሽን ግን በምን አንጀቴ ልቻለው?»

ሊያን ሳህኑን መልሳ አስጠጋችላት። ጉዌፈን ከጠረጴዛው በታች ጉልበቷን ትዳብስ ጀመር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ደግሞ እኮ» አለች በንዴት፣ «እግሬ እስካሁን እንደከበደኝ ነው»።