ሽቅርቅሩ፣ ጭምቱና የእትዬ አስቴር ፍተሻ

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው የጋሽ ወርቁ ብስክሌት ጋራዥ ሥራ የገባሁ ቀን፣ ገና ስገባ የብሎን መፍቻ የሚያስጨብጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ብስክሌቶች ደርድረው፣ የሁሉንም አካል በጆንያ ሸፍነው ጠበቁኝ። የሚታየው ጎማው፣ ፔዳሉ፣ ማርሹና ካቴናው ብቻ ነው።

«የትኛውን ትገዢያለሽ?» አሉኝ።

ማርሹ የበዛውን ጠቆምኩ። ጋሽ ወርቁ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ቀለሙን ብሸፍንብሽ በቁጥር ተሸወድሽ!» አሉና የኋላ ጎማውን አንስተው አሽከረከሩት። እየተንገዋለለ ዞረ፤ መሃሉ ላይ ያለው ማሽከርከሪያ ኩሽኔታ አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል። የመጀመሪያ ትምህርቴ ይኸው ነበር።

ሴት መካኒክ አይተው የማያውቁ ደንበኞች «ባለሙያው የለም እንዴ?» ሲሉኝ፣ ጋሽ ወርቁ ቀና ሳይሉ «እያናገራችኋት ነው» ይሉ ነበር።

ሃይብሪድ የምንለው የአስፋልትና የኮረኮንች ብስክሌት ቅልቅል ነው። ለከተማችን ዳገትና ጉድጓድ ይስማማል። ችግሩ ስማቸው አንድ ሆኖ ዕቃቸው የሰማይና የምድር ያህል መለያየቱ ነው።

አንድ ጊዜ በእኩል ዋጋ የሚሸጡ ሁለት ሃይብሪዶች ሰቅለን ነበር። አንደኛውን «ሽቅርቅሩ» አልኩት፤ ሃያ አራት ማርሽ፣ ከፊት ሞላ፣ ዲስክ ፍሬን አለው። ሌላው «ጭምቱ» ነው። ማርሹ ስምንት፣ ሞላ የለው፣ ፍሬኑም ቸርኬውን በጎማ ሸራ ቆንጥጦ የሚይዝ ዓይነት።

በአቅራቢያችን ልደታ የሚኖሩት ጋሽ ኃይሉ ሊገዙ መጡ። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ሐኪም እንቅስቃሴ አዟቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር የፈቀዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ አንዴ ከወደቁ ብስክሌቱ ይሸጣል።

ሁለቱንም አውርጄ ፊታቸው ፈታኋቸው። የሽቅርቅሩ ሞላ ሲጫኑት አይተኛም፤ ትርፉ ክብደት ነው። ማርሾቹ ስስ ቆርቆሮ ናቸው። ዲስክ ፍሬን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ጥሩውን በዝናብ የሚስተካከለው የለም። የዚህኛው ግን ሸራው ሲያልቅ መተኪያው መርካቶም አይገኝም። ጭምቱ ጠንካራ ቸርኬና አቧራ የማያስገባ ኩሽኔታ አለው፤ የፍሬን ሸራውም በየሱቁ ይሸጣል።

«ገብቶኛል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «ግን በስምንት ማርሽ ሜክሲኮ አደባባይ ብሄድ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?»

ሽቅርቅሩን ይዘው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ዲስኩ መጮህ ጀመረ። ሰንጋ ተራ ላይ ሰው ሁሉ እየዞረ ሲያያቸው ጊዜ አፈሩና፣ ለእኛ ሳይነግሩ የምግብ ዘይት አጠጡት። ጩኸቱ ቆመ። ፍሬኑ ግን መያዝ ተወ።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ብስክሌቱን እየገፉ መጡ። ጋሽ ኃይሉ ቁልቁለት ላይ መቆም አቅቷቸው የጉልት ሽንኩርት ክምር ላይ አርፈዋል።

«አልወደቅሁም፤ ተቀመጥኩ እንጂ» አሉ።

«ሽንኩርት ላይ?» አሉ እትዬ አስቴር። «ወርቁ፣ ዛሬውኑ ሽጥልኝ!»

ጋሽ ኃይሉ አንገታቸውን ደፉ። ከጡረታ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ይህ ብስክሌት ብቻ ነበር። አንጀቴን በሉት።

ዘይት የጠጣ ሸራ መለወጥ አለበት፤ መለወጫው ደግሞ የለም። ጋሽ ወርቁ ሽቅርቅሩን ለመለዋወጫ ዕቃው ወስደው ጭምቱን ሊሰጧቸው ተስማሙ። እኔም ፍሬኑን አስተካክዬ አቀረብኩት። እትዬ አስቴር ግን በወሬ አልተመለሱም።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው አንቺ ንጂው።»

ከጋራዡ በላይ ካለው ቁልቁለት እንድወርድ አዘውኝ፣ ራሳቸው ነጠላቸውን አጥብቀው ታች መሃል መንገድ ላይ ቆሙ።

«አስቱ፣ ኧረ ዞር በይ!» ጮኹ ጋሽ ኃይሉ።

«እኔን ከገጨ አንተንም ይጥልሃል። አርፈህ ቁም!»

የጠበቀውን ብሎን ሁሉ እንደገና አጠበቅሁና ወረድኩ። ልደርስባቸው ስል ሁለቱንም ፍሬን ጨመቅሁ። ጭምቱ ሳይጮህ፣ ሳይንሸራተት ቆመ። በፊት ጎማውና በእትዬ አስቴር ቀሚስ መካከል አንድ ክንድ ያህል ቀርቶ ነበር።

እትዬ አስቴር የጨፈኑትን ዓይን ገለጡ። «ታዲያ መጀመሪያውኑ ይኼን ለምን አልሰጣችሁትም?» ብለው እኛኑ ተቆጡን። ጋሽ ኃይሉ ሚስታቸው ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ፈርተው ነው መሰል፣ ብስክሌቱን ከእጄ ተቀብለው ወዲያው ኮርቻው ላይ ወጡ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ዛሬ ጋራዡን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አዲስ ለሚገቡ መካኒኮች የምነግራቸው አጭር ነው። ሃይብሪድ ስታወዳድሩ ፍሬኑን አስቀድሙ፤ ቸርኬና ኩሽኔታውን አሽከርክሩ፤ መለዋወጫው መገኘቱን ጠይቁ። የማርሹን ቁጥር በመጨረሻ እዩት። ሚስቱ መንገድ ላይ ቆማ ወደ እሷ ልትነዱት የማትደፍሩትን ብስክሌት ለባሏ አታስረክቡ።