ቦዩ በማን ደጅ ይለፍ

በስደት የምኖረው ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነው። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ መንግሥት መጥቶ ሰፈሩን ያድስልናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ኮሚቴ አቋቋሙና ምን ይቅደም ብለው መከሩ። ክረምቱ እየቀረበ ስለነበር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቀደመ። በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ለመወሰን ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዉን ጠየቁ።

እኛ ቤት ያለነው እኔና እትዬ ነን። እትዬ የወሎ ሰው ናት፣ በዕድሜ ታላቄ፤ ከጦርነቱ በፊት ሁለታችንም እዚሁ ከተማ፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ሰው ቤት እንሠራ ነበር። ክፍላችን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ጎርፍ ይገባታል። አምና አንዱን ግድግዳ ወሰደው። ዘንድሮ ሌላውን ከደገመ መግቢያ የለንም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በራችን ላይ ቆመው እትዬን፣ «ያ ኡኽቲ፣ እናንተስ ምን ያስፈልጋችኋል?» አሏት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሄዱ።

እትዬ በሩን ይዛ ቀረች። እሷ ባደገችበት አገር ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ «ምንም» ይላል። ጠያቂው «በሞቴ» ይላል። አሁንም ምንም ነው። ሦስተኛው ላይ ነው እውነቱ የሚወጣው። «ይመለሳሉ» አለችኝ። አልተመለሱም። ቦዩ በሚቀጥለው መንገድ እንዲያልፍ በኖራ ተሰመረ።

እኔ የእሷ ትዕግሥት የለኝም። ተናድጄ ስብሰባቸው ድረስ እየጎተትኩ ወሰድኳትና ጎርፉ የሚያድረው እኛ ቤት መሆኑን ነገርኳቸው።

ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። «ጠይቄያት ምንም አያስፈልገንም አለች እኮ።»

«የጠየቋት አንዴ ነው፤ እኛ አገር ሦስቴ ነው» አልኩ።

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ሰብሳቢው ፊታቸውን ሳይፈቱ ወደ እትዬ ዞሩ። «ምን ያስፈልጋችኋል?»

«ምንም» አለች። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

«ወላሂ ትነግሪናለሽ» አሏት።

«ቦዩ በኛ በኩል ይለፍ» አለች መሬት መሬት እያየች።

«ጠይብ፣ ይሁን» አሉ ሰብሳቢው። «እንግዶች ናቸው ብለን ከነፊሩ ትተናችሁ ነበር። ቦዩ በደጃችሁ ካለፈ ግን እናንተም ትቆፍራላችሁ።» ነፊር እኛ ደቦ የምንለው ነው።

ጁምዓ ጠዋት በራችን ተደበደበ። የጎረቤታችን ሚስት አካፋ ይዛ ቆማለች።

«ያላ! ሰው ሁሉ ወጥቶ እናንተ ትተኛላችሁ? አታፍሩም?» ብላ ጮኸችብንና ሌላ በር ልትደበድብ ሄደች።

ዞር ስል እትዬ ሻሿን እያሰረች ታለቅሳለች። በስድቡ የከፋት መስሎኝ ልከተላትና ልመልስላት ተነሳሁ። እትዬ እጄን ያዘችኝ።

«ተያት» አለች። «አል-ጣኢፍ ስሰደብ የኖርኩት የሰው ወለል ስወለውል ነው። ዛሬ በራሴ ደጅ፣ እንደ ጎረቤት ተሰደብኩ።»